የቆዩ የቤንዚን ሞተሮች የሚኒሞ መንቀጥቀጥና ሚስ ማድረግ፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ለመለየት የተዘጋጀ መረጃ

በአገራችን መንገዶች ላይ ከሚንቀሳቀሱ የቤት አውቶሞቢሎች መካከል በርካታዎቹ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ቀደም ብለው የገቡትን በአግባቡ ጠብቆ ማቆየት ለባለንብረቶች ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ በብዛት ከሚታዩ ብልሽቶች አንዱ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ማለትም የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር መንቀጥቀጡና ሚስ ማድረጉ ነው።

ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ በአነስተኛ ወጪ ሊስተካከል የሚችል ሲሆን፣ መንስኤው ሳይለይ ዕቃ በግምት ሲቀያየር ግን ለከፍተኛ ወጪ ይዳርጋል። አንዳንድ ባለንብረቶች የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም ያረጀ የካንዴላ ገመድ ያመጣውን ችግር ለማስወገድ ሞተር እስከማስወረድ ይደርሳሉ። ይህ ጽሑፍ አሽከርካሪዎች፣ ባለንብረቶችና ጀማሪ መካኒኮች መንስኤውን ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ወጪ ከማይጠይቀው ወጪ ወደሚጠይቀው በቅደም ተከተል እንዲለዩ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱም ካርቡሬተርና ዲስትሪቢዩተር ባላቸው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ባለ ኢንጀክተር ሞተሮች የሚመለከቱ ነጥቦችም ተካተዋል።

1. የብልሽቱ ምንነት

አንድ ሲሊንደር በትክክል እንዲያቃጥል ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። እነዚህም ተመጣጣኝ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ በቂ የሆነ የድብልቁ መታመቅ (ኮምፕሬሽን) እና በትክክለኛው ቅጽበት የሚደርስ ጠንካራ የካንዴላ ብልጭታ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ሲሊንደሩ ሳያቃጥል ያልፋል፤ በመካኒኮች አነጋገር ሞተሩ «ሚስ ያደርጋል»።

በደቂቃ 800 ዙር የሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ጊዜ፣ በድምሩ 1,600 ጊዜ ያቃጥላል። አንዱ ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲያቆም ከእነዚህ አንድ አራተኛው ይጎድላል። በከፍተኛ ዙር የሞተሩ ፍጥነት ጉድለቱን በከፊል ስለሚሸፍነው አሽከርካሪው ላያስተውለው ይችላል፤ በሚኒሞ ግን መንቀጥቀጡ በመሪውና በወንበሩ ላይ ጎልቶ ይሰማል።

ችግሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሳይቃጠል የሚያልፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፣ ወደ ዘይት ቋቱ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ የነዳጅ ፍጆታንና የጭስ ብክለትን ይጨምራል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር በተገጠመላቸው ተሽከርካሪዎች ደግሞ ቤንዚኑ በኮንቨርተሩ ውስጥ ስለሚቃጠል ከመጠን በላይ አግሎ ሊያበላሸው ይችላል። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ተሽከርካሪ ፍጥነቱን ቀንሶ በተቻለ ፍጥነት መቆምና መታየት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ወይም ዳገት ላይ በድንገት የሚጠፋ ሞተር የትራፊክ አደጋ ሊያስከትል እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

2. ከምርመራው በፊት መወሰድ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

• ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ መመርመር ክልክል ሊሆን ይገባል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።
• የካንዴላ ገመድ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያስተላልፋል። ሞተሩ እየሠራ ገመድ በባዶ እጅ መንካትም ሆነ መንቀል አይገባም። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ይህን ሥራ ማከናወን የለበትም።
• ረጅም ልብስ፣ ሻሽ፣ ሐብልና ያልታሰረ ፀጉር በቬንትሌተሩና በቺንጋው እንዳይያዝ ጥንቃቄ ይደረጋል።
• ቤንዚን ክፍት ዕቃ ውስጥ ሆኖ በአካባቢው ሊኖር አይገባም፤ የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይቀመጣል።
• የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም። ካንዴላም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢፈታ ይመረጣል፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ በጋለበት ጊዜ የካንዴላው ጥርስ በቀላሉ ሊበላሽ ይችላል።

3. የመጀመሪያ ደረጃ፦ ምልክቱን መመዝገብ

ማንኛውም ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ችግሩ መቼ እንደሚታይ መመዝገብ ይገባል። ምልክቱ የሚታይበት ሁኔታ መንስኤውን በእጅጉ ይጠቁማል።

• ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ተንቀጥቅጦ ሲሞቅ የሚስተካከል ከሆነ፣ ቾክ፣ የአየር መሳብ ወይም በጣም የጠበበ የቫልቭ ክፍተት ሊሆን ይችላል።
• በዝናብ ወይም በማለዳ ጤዛ ብቻ የሚከሰት ከሆነ፣ የካንዴላ ገመዶችና የዲስትሪቢዩተር ክዳን በቅድሚያ ይጠረጠራሉ። በክረምት ወራት በብዛት የሚታየው ይህ ዓይነቱ ነው።
• በሚኒሞ ብቻ ተንቀጥቅጦ ዙር ሲጨመር የሚስተካከል ከሆነ፣ የአየር መሳብ ወይም የካርቡሬተሩ የሚኒሞ ቀዳዳ መደፈን ይታሰባል።
• ዳገት ላይ ወይም ጭነት ሲበዛ የሚብስ ከሆነ፣ የብልጭታ ድካም ወይም የቤንዚን እጥረት ሊሆን ይችላል።
• ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ወዲያውኑ የጀመረ ከሆነ፣ በቤንዚኑ ውስጥ ውኃ ወይም ቆሻሻ መኖሩ ይጣራል።
• ከጥገና ማግስት የጀመረ ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚታየው የተነካው ክፍል ነው። ሳይመለስ የቀረ ቱቦና የተለዋወጠ የካንዴላ ገመድ የተለመዱ ስህተቶች ናቸው።

4. ሁለተኛ ደረጃ፦ በዓይን ማየት

ሞተሩ ጠፍቶ የሚከተሉት ይታያሉ፦ የአየር ፊልትሮው ንጽሕና፤ ከአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ የሚነሱ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች መሰንጠቅ ወይም መውለቅ፤ የካንዴላ ገመዶች መላጥ ወይም በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ መለብለብ፤ የባትሪ ተርሚናሎች መላላትና መዛግ፤ የዘይቱና የራዲያተር ውኃው መጠን። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሳይቃጠል የሚያልፍ ነዳጅ መኖሩን ያመለክታል። ዘይቱ ወተት የመሰለ መልክ ካለው ደግሞ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ተሽከርካሪው ሳይነዳ መመርመር አለበት።

ጨለማ በሆነ ቦታ፣ ነገር ግን አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ፣ ሞተሩን አስነስቶ ገመዶቹን ከርቀት መመልከትም ጠቃሚ ነው። ሽፋኑ ያረጀ ገመድ በሞተሩ ብረት ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲረጭ ይታያል።

5. ሦስተኛ ደረጃ፦ ደካማውን ሲሊንደር መለየት

ሞተሩ ጠፍቶ የአንዱ ካንዴላ ገመድ ይነቀላል። ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ይሰካና የካንዴላው ብረት ከሞተሩ አካል ጋር በጥብቅ እንዲገናኝ ይደረጋል፤ ገመዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ኮይሉንና የኤሌክትሮኒክ ክፍሉን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያም ሞተሩ ተነስቶ የዙሩ ለውጥ ይታያል። ሙከራው በአራቱም ሲሊንደሮች በየተራ ይደገማል።

ገመዱ የተነቀለበት ሲሊንደር ጤነኛ ከሆነ ዙሩ ይቀንሳል፣ መንቀጥቀጡም ይጨምራል። ምንም ለውጥ ካልታየ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አልሠራም ማለት ነው። በአራቱም ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ከታየ ችግሩ የአንድ ሲሊንደር ሳይሆን የጋራ ነው፤ በዚህ ጊዜ ካርቡሬተሩ፣ የብልጭታው ሰዓት፣ ኮይሉ ወይም ሁሉንም የሚነካ የአየር መሳብ ይመረመራል።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር ባላቸው ባለ ኢንጀክተር ሞተሮች ገመዱን ከመንቀል ይልቅ የኢንጀክተሩን የኤሌክትሪክ ሶኬት መንቀል ተመራጭ ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ኮንቨርተሩ አይሄድምና። የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ ፒ 0300 የሚለው ኮድ በተለያዩ ሲሊንደሮች ላይ የሚከሰት ሚስን ሲያመለክት፣ ከፒ 0301 እስከ ፒ 0304 ያሉት የሲሊንደሩን ቁጥር ይጠቁማሉ። ኮዱ ሲሊንደሩን ቢጠቁምም መንስኤውን አይናገርም፤ ስለዚህ ኮድ ታይቶ ብቻ ዕቃ መግዛት አይገባም።

ደካማው ሲሊንደር ከታወቀ በኋላ ካንዴላው ከጤነኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር ይለዋወጣል። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ መንስኤው ተገኝቷል። ካልሄደ የገመዶቹ ጤንነት በተመሳሳይ መንገድ ይፈተሻል። በዚህ ዘዴ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ሁለቱን የተለመዱ መንስኤዎች ማጣራት ይቻላል።

6. አራተኛ ደረጃ፦ ካንዴላን ማንበብ

አራቱም ካንዴላዎች የሲሊንደራቸው ቁጥር እንዳይምታታ በቅደም ተከተል ተደርድረው ይታያሉ።

• ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫማ መልክ፦ ጤነኛ ማቃጠል።
• ደረቅ ጥቁር ጥላሸት፦ የቤንዚን መብዛት፣ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ያልተከፈተ ቾክ ወይም ደካማ ብልጭታ።
• በቤንዚን የራሰ፦ ብልጭታ አልደረሰውም፣ ወይም ሲሊንደሩ በቤንዚን ተጥለቅልቋል።
• በዘይት የራሰ ጥቁር ቅባት፦ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ድካም።
• ነጭ፣ የተቃጠለ ወይም ጫፉ የቀለጠ፦ የቤንዚን ማነስ፣ የአየር መሳብ ወይም ከመጠን በላይ መጋል።
• በነጩ ሸክላ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወይም ጥቁር መስመር፦ ብልጭታው በመስመሩ በኩል ስለሚያመልጥ ካንዴላው ይቀየራል።

አራቱም አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው መንስኤው የጋራ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተለየ ግን ፍለጋው በዚያ ሲሊንደር ላይ ይወሰናል። የካንዴላ ክፍተት በአምራቹ መመሪያ መሠረት መስተካከል አለበት። ፑንቲና ባላቸው የቆዩ ሞተሮች በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ባላቸው ከዚህ ሊሰፋ ይችላል።

7. አምስተኛ ደረጃ፦ የብልጭታው ሥርዓት

የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ተከፍቶ በውስጡ የካርቦን መስመር፣ ስንጥቅ፣ እርጥበትና የተበላ የናስ ጫፍ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ሮተሩና የመካከለኛው የካርቦን ጫፍ ይፈተሻሉ። ፑንቲና ባላቸው ሞተሮች የፑንቲናው ፊት መቃጠልና ክፍተቱ ይታያል፤ ክፍተቱ በብዙ ሞተሮች 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፑንቲናው በአጭር ጊዜ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ኮንደንሰሩ ሊጠረጠር ይገባል።

የገመዶቹ ቅደም ተከተልም ይረጋገጣል። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች፣ ለምሳሌ በቀድሞዎቹ ላዳዎች፣ ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው። በቮልስዋገን ቢትል 1-4-3-2 ሲሆን፣ 1-2-4-3 የሆኑ ሞተሮችም አሉ። ስለዚህ ገመዶች በአንድ ጊዜ ሁሉም ሳይሆኑ አንድ በአንድ ቢቀየሩ ስህተት አይፈጠርም።

8. ስድስተኛ ደረጃ፦ የአየር መሳብና የቤንዚን አቅርቦት

ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች ቀላል የመለያ ሙከራ አለ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ቾኩ በትንሹ ይዘጋል። ሞተሩ ከተረጋጋ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፤ የአየር መሳብ ወይም የተደፈነ ቀዳዳ ይፈለጋል። ከባሰበት ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል፤ የተንሳፋፊው ልክ፣ የመርፌ ቫልቩ መዝጋትና የአየር ፊልትሮው ይታያሉ።

አየር የሚስብበትን ቦታ ለማግኘት ቱቦዎች አንድ በአንድ በጥንቃቄ በፒንሳ ተጨምቀው የዙሩ ለውጥ ይታያል። አንዱ ሲጨመቅ ሞተሩ ከተረጋጋ ችግሩ ያለው በዚያ መስመር ነው። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል፤ ሆኖም ቱቦው ተጨምቆ ወይም ተነቅሎ እያለ ተሽከርካሪውን መንዳት ፈጽሞ አይፈቀድም። የካርቡሬተሩና የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮኖችም ሊላሉ ወይም ሊሰነጠቁ ይችላሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ መፈተሽ የእሳት አደጋ ስለሚያስከትል መወገድ ያለበት ልማድ ነው።

የሚኒሞ ቤንዚን በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ቫልቭ ያላቸው ካርቡሬተሮች ላይ፣ የቫልቩ ሽቦ ሲወልቅ ሞተሩ ሚኒሞ አይይዝም፤ ፔዳል ሲረገጥ ግን ይሠራል። ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት ይህች ሽቦ ትታይ። በባለ ኢንጀክተር ሞተሮች ደግሞ የስሮትል አካሉ መቆሸሽ፣ የሚኒሞ መቆጣጠሪያ ቫልቩ መጣበቅ፣ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ መበላሸትና የኢንጀክተሮች መደፈን በቅደም ተከተል ይጣራሉ።

9. ሰባተኛ ደረጃ፦ የኮምፕሬሽን ልኬትና የከፍታ ጉዳይ

ከላይ የተዘረዘሩት ተጣርተው ችግሩ ካልተፈታ የሞተሩ ውስጣዊ ጤንነት ይለካል። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የኮይሉ የኤሌክትሪክ መስመርና የቤንዚን አቅርቦቱ ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በተሞላ ባትሪ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች በሞተሪኖ ይዞራል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ንባብ ይመዘገባል።

በዚህ ደረጃ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው የአካባቢው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአምራቾች መጽሐፍ ላይ የሚገኙት ቁጥሮች በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሰጡ ናቸው። በመሆኑም በባሕር ወለል 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በአዲስ አበባ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ ደክሟል ማለት አይደለም። የመጽሐፉን ቁጥር ብቻ አይቶ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ውሳኔ ላይ መድረስ ባለንብረቱን ላላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል። በማኒፎልድ ላይ የሚለካው የአየር መሳብ ኃይልም እንዲሁ ነው፤ በባሕር ወለል ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚያሳይ ሞተር በአዲስ አበባ በ7 ኢንች ገደማ ዝቅ ብሎ ይነበባል።

አስተማማኙ መንገድ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ለምሳሌ ንባቡ 9፣ 8.8፣ 9.1 እና 8.9 ባር ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው ሊባል ይችላል። 9፣ 8.8፣ 9.1 እና 5.5 ከሆነ ግን አራተኛው ሲሊንደር ችግር አለበት። ዝቅተኛው ንባብ ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ሲወርድ ጉድለቱ አሳሳቢ ነው።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ የሞተር ዘይት ተጨምሮ ልኬቱ ይደገማል። ንባቡ በግልጽ ከጨመረ የፒስተን ፋሻ ወይም የሲሊንደር መበላት ይጠረጠራል፤ ካልጨመረ ችግሩ በቫልቭ ወይም በቴስታታ ጓርኒሲዮን ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት የቫልቭ ክፍተት መለካት አለበት። ክፍተቱ ሲጠፋ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፣ ሳይስተካከል ከቆየም ቫልቩ ይቃጠላል። ይህ በተለይ እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን በተሠሩ የቆዩ ሞተሮች ላይ ያጋጥማል። እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቀው ነበር። ይህ ቤንዚን በጤና ጠንቅነቱ ከዓለም ገበያ እየወጣ ቆይቶ እ.ኤ.አ በ2021 አልጄሪያ ሽያጩን ካቆመች በኋላ ለመንገድ ተሽከርካሪዎች አይቀርብም። ስለዚህ መቀመጫቸው ያልተጠናከረ የቆዩ ሞተሮች የቫልቭ ክፍተታቸው ቶሎ ቶሎ ሊለካ ይገባል።

10. ከፍታ በካርቡሬተር ላይ ያለው ተጽዕኖ

ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ ደጋ ሲወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ በቤንዚን ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞውም ይንቀጠቀጣል። በአንጻሩ በአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ ተሽከርካሪው የሚኖርበት አካባቢ ሲቀየር የሚኒሞና የድብልቅ ማስተካከያው እንደገና ሊታይ ይገባል። ኦክስጅን ሴንሰር ያላቸው ባለ ኢንጀክተር ሞተሮች ይህን ልዩነት በአብዛኛው በራሳቸው ያስተካክላሉ።

የሚኒሞ ማስተካከያ ምንጊዜም የመጨረሻው ሥራ ነው። ብልጭታው፣ የአየር መሳቡና የቫልቭ ክፍተቱ ሳይስተካከሉ በካቻቢቴ ዙሩን ከፍ ማድረግ ብልሽቱን ከመሸፈን በስተቀር አያድነውም።

11. ወደ ጋራዥ ሲኬድ

ባለንብረቶች የሚከተሉትን ቢያደርጉ መብታቸውንና ገንዘባቸውን ይጠብቃሉ።

• ችግሩ የሚታይበትን ሁኔታ በጽሑፍ ይዘው መቅረብ፤
• ከጥገናው በፊት የትኛው ሲሊንደር ደካማ እንደሆነና በምን ሙከራ እንደታወቀ መጠየቅ፤
• ሞተር እንዲወርድ ከተነገራቸው የአራቱንም ሲሊንደሮች የኮምፕሬሽን ንባብ በቁጥር መጠየቅ፤
• የተቀየረውን አሮጌ ዕቃና ደረሰኙን መቀበል፤
• ዕቃ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲቀየርና ውጤቱ እንዲታይ ማድረግ፤
• ከጥገናው በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞም ሞቆም በሚኒሞ ሲሠራ ማረጋገጥ፤
• ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ከነበረ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ማስቀየር።

ችግሩ ከተፈታ በኋላ የተቀየረው ዕቃ፣ ቀኑና የኪሎ ሜትሩ ንባብ ቢመዘገብ ለቀጣይ ምርመራ ይጠቅማል። ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚቀርብ ተሽከርካሪም የቦሎ እድሳት ወቅት ከመድረሱ አስቀድሞ በዚህ ቅደም ተከተል ቢታይ፣ በጭስ መብዛት ምክንያት ሊያጋጥም የሚችለው መጉላላት ይቀንሳል።